በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ አካባቢ የመኖሪያ ቤት ግዥ፡ የይዞታ ዓይነት፣ የሐራጅ ሽያጭና የገዢው ጥንቃቄ

ካዛንቺስ የሚለው መጠሪያ የመጣው ከጣሊያንኛው "ካዛ ኢንቺስ" ነው፡፡ ኢንቺስ የጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ብሔራዊ ተቋም ምህፃረ ቃል ሲሆን፣ ተቋሙ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች በሥፍራው ቤቶችን ሠርቷል፡፡ ሠፈሩ ስሙን ያገኘው እንግዲህ ከመንግሥት ሠራተኛ መኖሪያ ቤት ነው፡፡ ዛሬ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በዚያው አካባቢ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወይም ከመስቀል አደባባይ ዙሪያ ቤት ልግዛ ብሎ ሲነሣ ከዋጋው በፊት መመለስ የሚገባው ጥያቄ "የሚሸጠው ምንድን ነው?" የሚለው ይሆናል፡፡

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም በዚህ አካባቢ በአንድ ቅያስ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ አራት ቤቶች አራት ዓይነት ሕጋዊ አቋም ሊኖራቸው ይችላል፡፡ ምክንያቱ በታሪክ የሚገኝ ነው፡፡ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ወሰነ፡፡ የተወረሱት ትርፍ ቤቶችም በኪራያቸው መጠን ተከፍለው ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፡፡ መስቀል አደባባይም በዚያው ዘመን አብዮት አደባባይ ተብሎ ነበር፡፡ አደባባዩ የቀድሞ ስሙን መልሶ ቢያገኝም የቤቶቹ አከፋፈል ግን እስከ ዛሬ አሻራውን ትቷል፡፡

የቀበሌ ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፡፡ ተከራዩ ሊሸጠው፣ ሊያወርሰው ወይም በዋስትና ሊያስይዘው አይችልም፡፡ በደላሎች ዘንድ "ቁልፍ መግዛት" እየተባለ የሚጠራው አሠራር፣ ማለትም ለነባሩ ተከራይ ገንዘብ ከፍሎ ቤቱን መረከብ፣ ለገዢው ምንም ዓይነት የባለቤትነት መብት አይሰጥም፡፡ አስተዳደሩ ቤቱን በፈለገው ጊዜ የሚያስለቅቀው ሲሆን፣ የተከፈለው ገንዘብ ሕጋዊ መሠረት ስለሌለው ክስ አቅርቦ ማስመለስም አስቸጋሪ ይሆናል፡፡ በቀድሞው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር የነበሩትና በኋላ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚተዳደሩት ቤቶችም እንዲሁ ተከራዩ የሚሸጣቸው አይደሉም፡፡ ሊሸጡ የሚችሉት የግል ይዞታ የሆኑ ቤቶችና በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የተመዘገቡ የጋራ ሕንፃ ቤቶች ናቸው፡፡ የከተማው አስተዳደር በዕጣ ያስተላለፋቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ባለዕጣው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጣቸው ገደብ የተጣለባቸው በመሆኑ፣ ገደቡ ማለፍ አለማለፉ መጣራት ይኖርበታል፡፡

በግል ይዞታም ቢሆን የሚሸጠው ቤቱ እንጂ መሬቱ አይደለም፡፡ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ደንግጓል፡፡ በአንጻሩ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ ለገነባው ቋሚ ንብረት ሙሉ የባለቤትነት መብት ይኖረዋል፡፡ የከተማ ቦታ በሊዝ የሚያዝበት ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀምሮ፣ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721 ተተክቷል፡፡ ይህ የመጨረሻው አዋጅ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት አድርጎታል፡፡ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዙት ቦታዎች "ነባር ይዞታ" ይባላሉ፡፡ በአዋጁ መሠረት ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው፡፡ ብዙ ገዢዎች ይህን የሚረዱት ስም ለማዛወር መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ ነው፡፡ ሻጩ በዓመት ጥቂት የቦታ ኪራይ ሲከፍልበት የነበረው ግቢ በገዢው ስም ሲዞር የሊዝ ክፍያ ያለበት ይሆናል፡፡ በመሆኑም ክፍያው ከግዥው አስቀድሞ ተሰልቶ ከቤቱ ዋጋ ጋር መደመር አለበት፡፡

በከተማው እምብርት ቤት የሚገዛ ሰው ከሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ለግድግዳውና ለጣሪያው ሳይሆን ለሥፍራው ነው፡፡ ከአፍሪካ አዳራሽ ጀርባ ወይም ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የሚገኝ ያረጀ የጭቃ ቤት ከከተማው ዳር ካለ አዲስ የብሎኬት ቤት በብዙ እጥፍ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሆኖም ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ ስሌቱ ይገለበጣል፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣውና በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት አዋጅ ቁጥር 1161 ለንብረት የሚከፈለው ካሣ ንብረቱን ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ እንዲሰላ ያዛል፡፡ ለቦታው ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት ይሰጣል፤ የልማት ተነሺ ድጋፍም አለ፡፡ ገዢው ለአደባባዩ ቅርበት የከፈለው ገንዘብ ግን በካሣ ስሌቱ ውስጥ የለም፡፡ መሬት የማይሸጥ ከሆነ የመሬት ዋጋም በካሣ አይተመንምና በሕጉ አመክንዮ ይህ ስሕተት አይደለም፡፡ ለዕድሜ ልክ ቁጠባው ባለቤት ግን ልዩነቱ ከባድ ነው፡፡

ጉዳዩ የሩቅ ሥጋት አለመሆኑን የካዛንቺስ ነዋሪዎች አይተውታል፡፡ አካባቢው ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተለያዩ ዙሮች የመልሶ ማልማት ሥራ ተካሂዶበታል፡፡ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በሁለተኛው ዙር የኮሪደር ልማት ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል የፈረሰ ሲሆን፣ በርካታ ነዋሪዎችም ወደ ገላን ጉራ ተዛውረዋል፡፡ ከፍርስራሹ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በከፍተኛ ዋጋ የተገዛ ቤትና ከአባት የተወረሰ ቤት በካሣ ሠንጠረዡ ላይ የሚታዩት በእኩል ዓይን ነው፡፡

በመሆኑም ገዢው የመጀመሪያ ጉዞውን ማድረግ ያለበት ወደ ደላላው ሳይሆን ወደ ፕላንና ልማት መሥሪያ ቤት ነው፡፡ በካርታው ላይ የተመለከተው ቦታ በአካባቢው የልማት ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ፣ የመንገድ ማስፋፊያ ይነካው እንደሆነ፣ ዝቅተኛው የሕንፃ ከፍታ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፡፡ የከፍታው ጉዳይ በተለይ በዋና መንገድ ዳር ላሉ ቦታዎች ወሳኝ ነው፡፡ ፕላኑ ከፍተኛ ሕንፃ በሚጠይቅበት ሥፍራ ላይ አንድ ቪላ ገዝቶ ሰርቪስ ቤት ልጨምርበት ወይም ጣሪያውን ላድስ የሚል ባለይዞታ የግንባታ ፈቃድ ላያገኝ ይችላል፡፡ አዋጅ ቁጥር 1161 ለባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ራሱ የማልማት ቅድሚያ የሚሰጠው አቅም ያለው እንደሆነ ነው፤ አቅም የሚባለውም አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ለብቻው የማይደርስበት ገንዘብ ነው፡፡

የሽያጭ ውሉን በተመለከተ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግልጽ ነው፡፡ በቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፡፡ በቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገኖች ላይ መቃወሚያ ሊሆን አይችልም፡፡ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ፎርም ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት የሚጸና እንዳልሆነ አስታውቋል፡፡ በኋላ በመዝገብ ቁጥር 36887 ተዋዋዮቹ ውሉ መኖሩን ያልካዱ እንደሆነ የምዝገባ ጉድለት ብቻውን ውሉን ለማፍረስ ምክንያት እንደማይሆን ተመልክቷል፡፡ ሁለተኛው ውሳኔ ለገዢው መጠነኛ ከለላ ቢሆንም በሻጩ እምነት ላይ የተንጠለጠለ ከለላ ነው፡፡ በሦስት ሽማግሌዎች ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ይዞ ቀብድ የከፈለ ሰው ሻጩ ሐሳቡን በለወጠ ጊዜ "ቀብዱን እጥፍ አድርገህ መልስ" ለማለት ይቻኮላል፡፡ የሽያጩ ውል ራሱ የማይጸና ከሆነ ግን ከዚያው ውል የመነጨ የእጥፍ ቀብድ ጥያቄም በአስተማማኝ መሠረት ላይ አይቆምም፡፡

ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ሌላ አደጋ የውክልና ጉዳይ ነው፡፡ የስም ማዛወሪያ ወጪ ለመሸሽ ወይም የአምስት ዓመቱን ገደብ ለማለፍ ሲባል ሻጩ ለገዢው ሙሉ ውክልና ሰጥቶ ገንዘቡን የሚቀበልበት አሠራር ተስፋፍቶ ቆይቷል፡፡ ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀርም በወካዩ ሞት ቀሪ ይሆናል፡፡ ሻጩ ባረፈ ማግሥት ገዢው ቤቱን የሚጠይቀው ውሉን ከማያውቁ ወራሾች ነው፡፡

የሻጩ የጋብቻ ሁኔታም መታየት አለበት፡፡ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፡፡ ስምምነቱን ያልሰጠው ተጋቢ መፈጸሙን ካወቀበት ጀምሮ በስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሽያጩ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል፡፡ ቤቱ የውርስ ከሆነ የሁሉም ወራሾች ፊርማ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ወራሽ ካለም የፍርድ ቤት ፈቃድ አስፈላጊ ነው፡፡ ሰነዶችን የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት እነዚህን ቢመረምርም የሐሰት ያላገባ ማስረጃ ይዞ የሚቀርብ ሻጭ አይጠፋም፤ ጎረቤት መጠየቅ እዚህ ላይ ከማኅተም የበለጠ ይረዳል፡፡

አሁን ወደ ሐራጅ እንሻገር፡፡ የዕለታዊ ጋዜጦችን የመጨረሻ ገጾች የሚከታተል አንባቢ የባንኮችን የሐራጅ ማስታወቂያ ያውቀዋል፤ የተበዳሪው ስም፣ የንብረቱ አድራሻ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታ ስፋትና መነሻ ዋጋ በሠንጠረዥ ተደርድረው ይወጣሉ፡፡ ዕዳ ያለበት ቤት ርካሽ ነው የሚለው እምነት ብዙዎችን ወደዚህ ገበያ ይስባል፡፡ ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው፡፡ ልዩነቱ ግን በነጻ የሚገኝ ሳይሆን ገዢው ለሚሸከመው ሥጋት የሚሰጥ ዋጋ ነው፡፡

ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ መሸጥ የቻሉት በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ሲሆን፣ ይኸው አዋጅ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 216 ተሻሽሏል፡፡ ከዚያ በፊት የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2851 አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነትን ዋጋ አሳጥቶት ስለነበር፣ ባንኩ ከሶ፣ አስፈርዶና አፈጻጸም ከፍቶ ዓመታት ይጠብቅ ነበር፡፡ በአዋጁ መሠረት ባንኩ ከተበዳሪው ጋር በተዋዋለው ውል ሥልጣኑ የተሰጠው ከሆነ ቢያንስ የ30 ቀናት ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ንብረቱን በሐራጅ ይሸጣል፡፡ የሽያጩ አካሄድ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሐራጅ ድንጋጌዎች ይመራል፡፡ ባንኩ ሥርዓቱን ጥሶ ቢሸጥ በተበዳሪው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ይሆናል፡፡ በሁለተኛው ሐራጅም ገዢ ያልቀረበ እንደሆነ ባንኩ ራሱ ንብረቱን ሊረከብ ይችላል፡፡

ከዚህ አሠራር ጋር በሌላው ዓለም የሚመሳሰል አለ፡፡ በአሜሪካ በከፊሉ ግዛቶች አበዳሪው የሚሸጠው በፍርድ ቤት በኩል ሲሆን፣ በሌሎቹ ግን በውሉ በተሰጠው ሥልጣን ከፍርድ ቤት ውጭ ይሸጣል፡፡ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በደረሰው የቤት ብድር ቀውስ ባንኮች እጅ ላይ የቀሩ ቤቶች ሠፈሮችን ባዶ አድርገው ነበር፡፡ በእኛ አገር የቤት ብድር የያዘው ቤተሰብ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ ለሐራጅ የሚቀርበው መኖሪያ ቤት በአመዛኙ ለንግድ ሥራ ብድር ዋስትና የተሰጠ ነው፡፡ ይህ የገዢውን ሁኔታ ይለውጠዋል፤ ምክንያቱም ዋሱ ብዙ ጊዜ ተበዳሪው ራሱ ሳይሆን አባቱ፣ እኅቱ ወይም የሥራ ሸሪኩ ነው፡፡ ብድሩን ያልተጠቀመበት ሰው ቤቱን በፈቃዱ አይለቅም፡፡

በባንክ ሐራጅ በተለምዶ ተጫራቹ የመነሻ ዋጋውን ሩብ ወይም 25 በመቶ በሲፒኦ ያስይዛል፡፡ ያሸነፈ እንደሆነ ቀሪውን በ15 ቀናት ውስጥ አጠናቆ መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ያስያዘው ገንዘብ አይመለስለትም፡፡ ለምሳሌ ያህል መነሻ ዋጋው 8 ሚሊዮን ብር ለሆነ ቤት 2 ሚሊዮን ብር ያስያዘ ሰው በ9 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ቢያሸንፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ 7 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ማቅረብ ይጠበቅበታል፡፡ በ1990 ዓ.ም. በወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ቁጥር 110 በተደነገገው 2 በመቶ ሲሰላ ለቴምብር ብቻ 188 ሺህ ብር ይደርሳል፡፡ የስም ማዛወሪያ፣ ያልተከፈለ የሊዝና የቦታ ግብር ውዝፍ፣ በማስታወቂያው ላይ ገዢው እንዲከፍል የተመለከተ ማናቸውም ታክስ ይጨመራል፡፡ የባንክ ብድር ለማስፈቀድ 15 ቀን አይበቃም፡፡ በዚህ ምክንያት ሐራጅ ገንዘቡ በእጁ ለሌለው ደመወዝተኛ የሚመች ገበያ አይደለም፤ አንዳንድ ባንኮች ለአሸናፊው የብድር አማራጭ እንደሚያመቻቹ በማስታወቂያቸው ስለሚገልጹ ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይጠቅማል፡፡

ከጨረታው ቀን በፊት መደረግ ያለበት ዋናው ነገር ቤቱን ማየት ነው፡፡ ማስታወቂያው የጉብኝት ቀን ይሰጣል፡፡ ጎብኚው የቦታውን ስፋት ከካርታው ጋር ያነጻጽር፤ በግቢው ውስጥ ከፈቃድ ውጭ የተሠራ ቤት፣ ወደ ጎረቤት የተሻገረ አጥር፣ በካርታው ያልተካተተ ትርፍ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይመልከት፡፡ ከዚያም ማን እንደሚኖርበት ይጠይቅ፡፡ ተበዳሪው ወይም ዋሱ አልወጣም ካለ አሸናፊው ስሙ በካርታ ላይ ሠፍሮም ቤቱን ለመረከብ በፍርድ ቤት መሟገት ሊኖርበት ይችላል፡፡ ተከራይ ካለም በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ማንበብ ያስፈልጋል፡፡ አዋጁ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪም በተቆጣጣሪው አካል ውሳኔ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈጸም አድርጓል፡፡ ገዝቶ በማግሥቱ ተከራይ አስወጥቶ በእጥፍ ላከራይ የሚል ስሌት በዚህ ሕግ ፊት አይሠራም፡፡

በፍርድ አፈጻጸም የሚሸጠው ቤት ከባንኩ የሚለየው በባለቤቶቹ ጠብ ነው፡፡ አብዛኛው ከፍቺ ወይም ከውርስ ክፍፍል የሚመነጭ ሲሆን፣ ባልና ሚስቱ ወይም ወንድማማቾቹ ቤቱን በዓይነት መካፈል ሲያቅታቸው ፍርድ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡን እንዲካፈሉ ያዛል፡፡ እዚህ ላይ ገዢው የሚፈራው የይግባኝና የሰበር አቤቱታ ነው፤ በመካከሉ የሚሰጥ ዕግድ ገንዘቡን የከፈለውን ሰው ለወራት ያቆየዋል፡፡ መዝገቡን ከፍቶ የመጨረሻውን ትእዛዝ ማንበብ ለማንም ይቻላል፡፡

ግንባታው ተጀምሮ የቆመ ቤትም በዚሁ መደብ ሊታይ ይገባል፡፡ ባለይዞታው ብረትና ሲሚንቶ ሲወደድበት በተለይም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያቋረጠው ግንባታ በየሠፈሩ ይታያል፡፡ ቦታው በሊዝ የተያዘና ግንባታው ከግማሽ በታች ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ሽያጩ በግልጽ ሥርዓት፣ በሚመለከተው አካል ክትትል እንዲፈጸም ይጠየቃል፡፡ ሻጩ የሚያገኘውም የከፈለውን ሊዝ ከባንክ ወለድ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የተላለፈበትን የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ሲሆን፣ ቀሪው ለመንግሥት ገቢ ይሆናል፡፡ ስለዚህ "ኮሎኑ ቆሟል፣ ቦታው መሐል ከተማ ነው" በሚል በመንደር ውል የሚጠየቀው ከፍተኛ ዋጋ ሕጉ የማያውቀው ዋጋ ነው፡፡ በዋስትናም በኩል የሊዝ መብት የሚያዘው እስከተከፈለው የሊዝ መጠን በመሆኑ ገዢው ባንክ ሄዶ በሙሉ ዋጋው ብድር ሊያገኝበት አይችልም፡፡

ገና ካልተሠራ ሕንፃ ላይ ቤት መግዛት ሌላው መንገድ ነው፡፡ አክሰስ ሪል ስቴት ከሁለት ሺህ ከሚበልጡ ገዢዎች ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ግንባታው ከተስተጓጎለ በኋላ ገዢዎቹ ለዓመታት ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት መመላለሳቸው ይታወሳል፡፡ እንዲህ ዓይነት ገዢ ባለቤት አልነበረም፤ ያለ መያዣ ያበደረ ባለገንዘብ ነበር፡፡ በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል ስቴት ልማት፣ ግብይትና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታ አዋጅ ዘርፉን በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ለማድረግ የታሰበ ነው፡፡ ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት የአልሚው ካርታ በባንክ መያዣ ተይዞ እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ከተያዘም ባንኩ ለተሸጡት ቤቶች መያዣውን እንደሚለቅ የሚገልጽ ደብዳቤ ቢያገኝ፣ ቀደም ሲል የገለጽነው የሐራጅ ማስታወቂያ በራሱ ቤት ላይ እንዳይወጣ ያደርጋል፡፡

በመዝገብ ክፍሎች፣ በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠሩ ባልደረቦች ደግሞ አንድ ነገር መጥቀስ ይገባል፡፡ አንድ ቤት ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ የሚያረጋግጠው ደብዳቤው የተጻፈበትን ቀን ብቻ ነው፡፡ ደብዳቤው በተጻፈበትና ውሉ በተመዘገበበት ቀን መካከል የሚደርስ የፍርድ ቤት ዕግድ ወይም የመያዣ ምዝገባ ጥያቄ ፋይሉ ውስጥ ሳይገባ ጠረጴዛ ላይ ቢያድር ለዚያች አንድ ሌሊት ሻጩ ሁለት ጊዜ መሸጥ ይችላል፡፡ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የካዳስተር ሥርዓትን የዘረጋው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነው፡፡ ይዞታው በካዳስተር በተረጋገጠበት ቀጠና የሚገዛ ሰው የይዞታ ማረጋገጫውን ልዩ መለያ ቁጥር ይዞ መዝገቡን ማስፈተሽ የሚችል ሲሆን፣ ባልተረጋገጠበት ቀጠና ግን የወረዳውን፣ የክፍለ ከተማውንና የፍርድ ቤቱን ማኅደር ለየብቻ ማየት ይጠበቅበታል፤ ደብዳቤውንም ውሉ በሚፈረምበት ሳምንት እንደገና ማሳደስ ተገቢ ነው፡፡